ዘጠኝ ቀን፣ አራት ድርሰት፣ አንድ የጠፋ ረቂቅ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የምወስደው የጽሑፍ ኮርስ የማጠቃለያ ፈተና የለውም። በፈተናው ፈንታ ፖርትፎሊዮ ነው የምናስረክበው። የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። መምህራችን ያዘዙን እንዲህ ነው፦ ከጻፍናቸው አራት ድርሰቶች ሁለቱን መርጠን በደንብ ከልሰን እናቀርባለን፣ ከሁለቱ የአንዱን ረቂቆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናያይዛለን፣ ከፊት ደግሞ አራት ገጽ የነጸብራቅ ደብዳቤ፣ ማለትም ጽሑፋችን እንዴት እንደተለወጠ ራሳችን የምናስረዳበት፣ እንጽፋለን።

ድርሰቶቼ እነዚህ ናቸው፦ መስማት ስላቃታት አያቴ የጻፍኩት ትረካ (ኤ ማይነስ)፣ የአንድ ማስታወቂያ ትንታኔ (ቢ)፣ «አቴንዳንስ አስገዳጅ ይሁን ወይስ አይሁን?» የሚል የሙግት ድርሰት (ሲ ፕላስ) እና ስለ ተማሪዎች እንቅልፍ የሠራሁት የጥናት ጽሑፍ (ቢ ፕላስ)። ውጤታቸው ጥሩ ስለሆነ ትረካውንና የእንቅልፉን ላስገባ አስቤያለሁ።

ግን ሌላ ጉድ አለ። ስጽፍ ሁልጊዜ እዚያው ፋይል ላይ እየደመሰስኩ ነው የምሄደው። የድሮ ረቂቅ የሚባል ነገር የለኝም። አንዷ ጓደኛዬ «የመጨረሻውን ወስደሽ ትንሽ አበላሽተሽ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው ብለሽ አያይዢ» አለችኝ። ደብዳቤውስ? አራት ገጽ ሙሉ ስለ ራሴ ምን ይጻፋል? መምህሩን ላመስግን? እባክዎ መላ ይበሉኝ።

ፋይሏ የተደበላለቀባት

መልስ፦

ፋይሏ የተደበላለቀባት እህቴ፣

ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር። እሱን ዛሬውኑ እርሺው። ነውር መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ አያዋጣም። ለጥቂት ዓመታት የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ነበር፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ረቂቅ ከሩቅ ይታወቃል። ሰው የራሱን ጽሑፍ ላበላሽ ብሎ ሲነሳ የሚያበላሸው ፊደል ነው። እዚህ ፊደል ይገድፋል፣ እዚያ አራት ነጥብ ያነሳል፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። የእውነት የመጀመሪያ ረቂቅ ግን የሚታመመው ሌላ ቦታ ነው። ሐሳቡ መንገድ ላይ ይጠፋል። ሁለተኛውና አራተኛው አንቀጽ አንድ ነገር ይደግማሉ። ዋናው ነጥብ መጨረሻው ላይ ድንገት ብቅ ይላል፣ ጸሐፊው ራሱ እዚያ ሲደርስ የገባው ይመስል። ይህን አስመስሎ መሥራት ድርሰቱን እንደገና ከመጻፍ ይከብዳል። ከተነቃብሽ ደግሞ ነገሩ በነጥብ መቀነስ አያልቅም፤ ስሙ ማጭበርበር ይሆናል።

ደግሞስ ረቂቁ ጠፍቷል ያለሽ ማነው?

የጻፍሽው በጉግል ዶክስ ከሆነ እየደመሰስሽ ስትጽፊ ሁሉ ፕሮግራሙ ከኋላ ሆኖ ይመዘግብ ነበር። «ፋይል» የሚለውን ሜኑ ክፈቺና «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለውን ፈልጊ። በጎን በኩል ቀንና ሰዓት የተጻፈባቸው ቅጂዎች ተደርድረው ይመጡልሻል። አንዱን ስትነኪው ድርሰቱ ያን ዕለት የነበረውን መልክ ይዞ ይከፈታል። የምትፈልጊውን ቀን ለብቻው ቅጂ አድርገሽ አስቀምጪው። በወርድ ጽፈሽ ፋይሉ ዋንድራይቭ ላይ ከነበረም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኮምፒውተርሽ ላይ ብቻ ከነበረ ግን ከፕሮግራሙ ብዙ አትጠብቂ፤ ወደ ሌላ ቦታ ዞር በዪ። ለመምህሩ የላክሻቸው ኢሜይሎች ውስጥ አባሪው እስካሁን ተቀምጧል። ለክፍል ጓደኛሽ «እስቲ እይልኝ» ብለሽ በቴሌግራም የላክሽው ፋይል አለ። ኮሌጁ አሳይመንት የሚቀበልበት ገጽ ላይ የመጀመሪያ ረቂቅ ጭነሽ ከነበረ እዚያው ሊኖር ይችላል። ዳውንሎድ ፎልደርሽን አገላብጪው። የመምህሩ ብዕር ያረፈበት የታተመ ወረቀት ካለሽማ በስልክሽ ስካን አድርጊው፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ጠርዙ ላይ የተጻፈብሽ አስተያየት አብሮት አለና።

አንድ ሁለቱ ብቻ ከተገኙ ያንኑ አያይዢና «በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ረቂቅ ስላልተቀመጠ አልተያያዘም» የሚል አንድ መስመር ጻፊ። ከዚያ በላይ ይቅርታ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ልብ በዪ። ገና ዘጠኝ ቀን አለሽ፤ በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሁለት ድርሰት ልትከልሺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለሥራ በተቀመጥሽ ቁጥር ፋይሉን በአዲስ ስም፣ ከነቀኑ አስቀምጪው። በሰባተኛው ቀን አራት አምስት እውነተኛ ረቂቅ በእጅሽ ይኖራል። ማንም አበላሽቶ ሊሠራው የማይችለው ዓይነት።

ወደ ምርጫው እንምጣ። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር አልስማማም።

ፖርትፎሊዮ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ወረቀት መያዣ እንደማለት ነው። ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች ምርጥ ሥራቸውን ይዘው የሚዞሩበት ማህደር ነበር፣ ዛሬም ነው። እናም ቃሉን ስንሰማ «ምርጥ ምርጡን ሰብስበሽ አሳዪ» የተባልን ይመስለናል። የጽሑፍ ኮርስ ፖርትፎሊዮ ግን ከሌላ ጭንቀት የተወለደ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በስቶኒ ብሩክ ተማሪዎች የጽሑፍ ችሎታቸውን የሚያረጋግጡት በአንድ መቀመጫ በሚጻፍ ፈተና ነበር። ፒተር ኤልቦው እና ፓት ቤላኖፍ የተባሉ ሁለት መምህራን ይህን ፈተና በፖርትፎሊዮ ተኩት። ክርክራቸው ቀላል ነው። ሰዓት እየተቆጠረበት ባልጠበቀው ርዕስ ላይ የጻፈ ሰው፣ ጊዜ ቢሰጠው፣ አስተያየት ቢያገኝ፣ ተመልሶ ቢያየው ምን ሊጽፍ እንደሚችል አይታወቅም። የሚያርሙትም ተማሪውን የማያውቁ ሌሎች መምህራን ነበሩ። ስለዚህ ማህደሩ ራሱን ችሎ መናገር ነበረበት።

የአንቺም ፖርትፎሊዮ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ጊዜና አስተያየት ስታገኚ ጽሑፍሽ ምን ይሆናል? ኤ ማይነስና ቢ ፕላስ ይዘሽ ብትቀርቢ፣ አንባቢው ሁለት ደህና ድርሰት ያያል። የተሄደበትን መንገድ ግን አያይም። ሲ ፕላሱ ግን ገና ብዙ የሚሄድበት ቦታ አለው። እኔ ብሆን የአቴንዳንሱን ድርሰት ዓይኔን ሳላሽ አስገባዋለሁ፤ ረቂቆቹ የሚያያዙትም የእሱ ይሁኑ።

ሁለተኛውስ? የእንቅልፉን ተዪው። መጥፎ ሆኖ አይደለም። የጥናት ጽሑፍ በደንብ ሲከለስ ወደ ምንጮቹ መመለስ አለ፣ አዲስ ማንበብ አለ፤ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ከሌላ ድርሰት ጋር አይገፋም። ስለ ማስታወቂያው ትንታኔ በደብዳቤሽ ላይ ከስሙ ውጪ አንድ ቃል አልተነፈስሽም፤ መልሱን ራስሽ ሰጥተሻል። የቀረው ትረካው ነው። ውጤቱን እርሺውና አንድ ጊዜ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ዛሬ ስታነቢው «እዚህ ጋ ዋሽቻለሁ» ወይም «እዚህ ጋ ቶሎ አልፌዋለሁ» የሚያሰኝሽ ቦታ ካለ እሱን ያዢ። ምንም ካልተሰማሽ ግን አታስገቢው፤ ያለቀ ነገር መነካካት ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ግን ከመወሰንሽ በፊት አረጋግጪ። የማረሚያ መስፈርቱን አውጥተሽ ለክለሳው፣ ለደብዳቤው፣ ለመጨረሻው ጥራት ስንት ስንት ነጥብ እንደተያዘ እዪ። ግልጽ ካልሆነ ለመምህሩ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፊ፦ «ዝቅተኛ ውጤት ያገኘሁበትን ድርሰት መርጬ ብከልሰው የሚታረመው አዲሱ ነው ወይስ የድሮው ውጤት አብሮ ይታያል?» ይህን ጠይቆ የተጎዳ ተማሪ አላየሁም።

አሁን ዋናው ሥራ። «በደንብ ከልሱ» ሲባል ምን ማለት ነው? ናንሲ ሶመርስ የተባሉ የጽሑፍ ትምህርት ተመራማሪ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። 20 ተማሪዎችንና 20 ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች ወሰዱ። ሁሉም ሦስት ሦስት ጽሑፍ ጻፉ፣ እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ከለሱ። ተማሪዎቹ ክለሳ ማለት ቃል መለወጥ መስሏቸው ነበር፤ የተደጋገመውን ቃል በሌላ ይተኩታል፣ ያልጣማቸውን ይሰርዛሉ፣ ጨርሰናል ይላሉ። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ግን በቅድሚያ የሚፈልጉት የሙግታቸውን ቅርጽ ነበር። ቃሉ የሚደርሰው በኋላ ነው። ጥናቱ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እኔ ግን ተማሪ «ከልሼዋለሁ» ብሎ ባመጣልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ «ስለዚህ» የሚለው «በመሆኑም» ሆኗል። ሌላው እንዳለ አለ።

ያንቺን የአቴንዳንስ ድርሰት አላየሁትም። ግን ስንት የአቴንዳንስ ድርሰት እንዳነበብኩ ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጀምር ልገምት። «ማንኛውም ነገር ጥቅምና ጉዳት እንዳለው ሁሉ፣ አስገዳጅ አቴንዳንስም ጥቅምና ጉዳት አለው።» ተሳሳትኩ? ካልተሳሳትኩ ሲ ፕላሱ ከየት እንደመጣ አውቀናል። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም ሰው በምድር ላይ የለም። የሚቃወመው ከሌለ ደግሞ ሙግት የለም።

እንዲህ አድርጊ። ድርሰቱን አትሚው። ከያንዳንዱ አንቀጽ ጎን በእርሳስ አንቀጹ የሚለውን በአምስት ስድስት ቃል ጻፊ። ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚል። «ስለ ተማሪ ነፃነት» ብለሽ ከጻፍሽ አልሆነም። «ተማሪ ያለፍላጎቱ ቢቀመጥ አይማርም» ካልሽ ሆነ። አምስት ቃል የማይወጣው አንቀጽ ምንም አይልም ማለት ነው፤ መስቀል አድርጊበት። ሁለት አንቀጽ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ከወጣላቸው አንዱ ይሄዳል። ከዚያ ወረቀቱን ራቅ አድርገሽ እርሳሱን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ የድርሰቱ ምርጥ ሐሳብ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ተደብቆ ታገኚዋለሽ። ምክንያቱም የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጽፊ እያሰብሽ ነበር፣ ያሰብሽው ደግሞ የመጣልሽ እጅሽ ከሞቀ በኋላ ነው። ያን አንቀጽ ወደ ፊት አምጪውና በፊቱ የነበሩትን እንደ መሰላል ጣያቸው፤ ወጥተሽባቸዋል፣ በቃ።

ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚያድግ ላሳይሽ። መጀመሪያ ይህ ነበር፦

«አስገዳጅ አቴንዳንስ ጥቅምም ጉዳትም አለው።»

ቀጥሎ ወገን ያዝሽ እንበል፦

«ተማሪው አዋቂ ስለሆነ አስገዳጅ አቴንዳንስ መቅረት አለበት።»

ይሻላል። አሁን የሚቃወምሽ ሰው አለ። ግን «ተማሪው አዋቂ ነው» የሚለው ምክንያት ከመንገድ የተነሳ ነው፤ ሁሉም ሰው ይለዋል። አንድ ሳምንት ስታስቢበትና አንድ ሰው ሲሞግትሽ ደግሞ ይህን የመሰለ ሊሆን ይችላል፦

«ስም መጥራት ተማሪውን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ትምህርቱ ውስጥ አያስገባውም፤ ስለዚህ ነጥቡ መሰጠት ያለበት ክፍል ለተገኘ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ለተሠራ ሥራ ነው። ላብራቶሪ ግን ይለያል፤ እዚያ መገኘቱ ራሱ ሥራ ነው።»

ልዩነቱን አየሽው? ሦስተኛው መፍትሔ አለው፣ ድንበርም አለው። የድርሰቱ አጽም እዚያው ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ክፍል ስለ ስም መጥራት፣ አንድ ክፍል ስለ ክፍል ውስጥ ሥራ፣ አንድ ክፍል ስለ ላብራቶሪ። ይህን ካገኘሽ በኋላ የድሮውን ፋይል አትክፈቺ። ባዶ ገጽ ላይ ጀምሪ። የድሮው ፋይል ከተከፈተ እጅሽ ወደ ኮፒ ፔስት ይሄዳል፣ የድሮው አንቀጽም አዲሱን ሐሳብ ወደ ድሮው ቦታ ይጎትተዋል። የሚያስፈልግሽ ቁራጭ ካለ በኋላ ታመጪዋለሽ።

ትረካው እንዲህ አይታረስም። ለእሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጊ። አንደኛው፣ «በጣም አዘንኩ» ወይም «ልቤ ተሰበረ» ያልሽበትን ቦታ። ስሜቱን አውጪና ያየሽውን አስገቢ። አያትሽን አላውቃቸውም፤ ግን ለምሳሌ ሰው ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንበል፣ የተጠየቁት ደግሞ «ስንት ሰዓት ነው?» ነበር። እዚያ ላይ አቁሚ። አንባቢው ቀሪውን ያውቀዋል። ሁለተኛው፣ መጨረሻው ላይ «ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር…» የሚል አንቀጽ ካለ አውጪው። የኤው ማይነስ ከዚያ የመጣ እንደሆነ ብወራረድ የምረታ ይመስለኛል።

ደብዳቤው። አንቺን ያስፈራሽ ይህ ነው፣ እኔ ደግሞ የምወደው ይህን ነው።

መምህሩን አታመስግኚ። ማመስገን ከፈለግሽ ኮርሱ ካለቀ፣ ውጤት ከወጣ በኋላ ቢሯቸው ሄደሽ አመስግኛቸው፤ ያኔ ዋጋ አለው። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ግን ምስጋና ቦታ ይይዛል እንጂ ምንም አያስረዳም። «በዚህ ኮርስ በጣም ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ የጽሑፍ ክህሎቴም በእጅጉ ተሻሽሏል» የሚለውም እንደዚያው። ያንን ዓረፍተ ነገር ኮርሱን ያልወሰደ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ደብዳቤው እንደ ማንኛውም የሙግት ድርሰት ነው፤ ስለ ጽሑፍሽ አንድ ነገር ትያለሽ፣ ከዚያ ማስረጃ ታቀርቢያለሽ። ማስረጃው የራስሽ ረቂቅ ነው። ከራስሽ ትጠቅሻለሽ። መጀመሪያ ሲደረግ ያሳፍራል፣ ሁለተኛው ላይ ይለመዳል።

አንድ አንቀጽ ልሞክርልሽ፣ ምን እንደምል እንዲገባሽ ያህል፦

«የአቴንዳንሱ ድርሰቴ የመጀመሪያ ረቂቅ "ጥቅምም ጉዳትም አለው" ብሎ ይጀምር ነበር። እንዲህ የጻፍኩት ማንንም ላለማስቀየም ነው። መምህሬ ጠርዙ ላይ "አንቺስ?" ብለው ጻፉበት። መልስ ስላልነበረኝ ለሳምንት ያህል ፋይሉን አልከፈትኩትም። በሦስተኛው ረቂቅ (ገጽ 9፣ ሁለተኛው አንቀጽ) ላብራቶሪን ለይቼ ያወጣሁት አንድ የክፍሌ ልጅ "ላብ ሳልገባ እንዴት አድርጌ ልሠራው?" ብሎ ስለሞገተኝ ነው። አራተኛው አንቀጽ አሁንም አላረካኝም። ነጥቡ ለምን እንደሚሰጥ ተናግሬያለሁ፣ ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን እየተከታተለ እንደሚሰጠው ግን አልተናገርኩም።»

እዚህ ውስጥ «ተሻሽያለሁ» የሚል ቃል የለም። ግን መሻሻሉ ይታያል። የት ቦታ እንደተለወጠ ገጹ ተጠቁሟል፣ ስለዚህ አንባቢው ገልጦ ማየት ይችላል። ለምን እንደተለወጠ አለ። ማን እንዳነሳሳው አለ። የቀረው ጉድለትም በግልጽ ተነግሯል። ተማሪዎች ጉድለታቸውን መናገር ይፈራሉ፣ ነጥብ የሚያስቀንስ ይመስላቸዋል። የራሱን ስንጥቅ አይቶ ቦታውን መጠቆም የሚችል ጸሐፊ ግን ማንበብ የሚችል ጸሐፊ ነው፤ መምህሩም ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያስተምሩ የነበሩት ይህንኑ ነው። ልክ ግን ይኑረው። አራቱን ገጽ ሙሉ ራስሽን ብትረግሚ ሌላ ዓይነት ልመና ይሆናል።

ሌላ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ፤ ያልተቀበልሽውን አስተያየት። የክፍል ጓደኛሽ «ይህን አንቀጽ አውጪው» ብሎሽ አንቺ አስበሽበት ትተሽው ከሆነ፣ ለምን እንደተውሽው ጻፊ። የተባለውን ሁሉ ማድረግ ታዛዥነት ነው። እምቢ ያልሽበትን ምክንያት ማስረዳት ግን ድርሰቱ የማን እንደሆነ ያሳያል። አንዱ «አሳጥሪው» ሌላው «አስፊው» ብለውሽ ግራ ገብቶሽ ከነበረ እሱም ጥሩ ነው፤ እንዴት እንደወሰንሽ ንገሪን።

አራት ገጹ እንዳይበዛብሽ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ተነስተሽ ቀን በቀን አትተርኪ። «በመጀመሪያው ሳምንት… ከዚያም… ቀጥሎም…» ካልሽ ሁለተኛው ገጽ ላይ ራስሽም ይደክምሻል። ስለ ጽሑፍሽ የምትይው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ምረጪ። ለምሳሌ «ወገን መያዝ እፈራ ነበር» አንድ ነው። «ስሜትን በስሙ እየጠራሁ አልፈው ነበር» ሌላ ነው። ሦስት ከመረጥሽ፣ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ተኩል ቢወስድ አራት ገጹ ሞላ። እንዲያውም ይተርፍሻል።

ቁሳቁሱን ደግሞ ከዛሬ ጀምረሽ አጠራቅሚ። ስልክሽ ላይ አንድ ማስታወሻ ክፈቺ። ድርሰቱ ላይ ትልቅ ነገር ባወጣሽ ወይም ባስገባሽ ቁጥር አንድ መስመር ጻፊ፦ ምን አወጣሁ፣ ለምን። በስምንተኛው ቀን ደብዳቤውን ልትጽፊ ስትቀመጪ «ምን ልጻፍ?» አትዪም።

ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብሽ ከነበረ፣ ለሌላው ነገር የኮሌጅሽን ደንብ እዪ። ለዚህ ደብዳቤ ግን በከንቱ ነው። ጠርዙ ላይ «አንቺስ?» ተብሎ መጻፉን አያውቅም። የሚሰጥሽ ለስላሳ ነገር ነው፣ ከላይ የነገርኩሽን «በእጅጉ ተሻሽሏል» በተሻለ ቋንቋ። ሰዋስው ለማየት ተጠቅመሽበት ከሆነና የተፈቀደ ከሆነ በአንድ መስመር ግለጪውና እለፊ።

ስለ ጊዜው። ዛሬና ነገ የጠፋውን ፈልጊ፣ ሁለቱንም ድርሰት ሳትነኪ አንብቢ። ከዚያ አራት ቀን ለአቴንዳንሱ። አንድ ቀን ለትረካው። ለደብዳቤው አንድ ሙሉ ቀን ተዪለት፤ በመጨረሻው ሌሊት የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚነበበው እሱ ነው። የመጨረሻው ቀን ለመጠረዝ ብቻ ይሁን፤ ያን ቀን አንድም አዲስ ሐሳብ አታስገቢ። ይገርምሻል፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በስተመጨረሻዋ ሰዓት አንድ አንቀጽ ጨምሬ የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ተዛነፈ። ደብዳቤዬ «ገጽ 7ን ይመልከቱ» ይላል፣ ገጽ 7 ላይ የዋቢ ዝርዝር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም መጀመሪያ አንድ ፋይል አድርጊው፣ ከፊት እስከ ኋላ በተከታታይ ገጽ ቁጥር ስጪው፣ ደብዳቤው ውስጥ ያሉትን የገጽ ጥቆማዎች በመጨረሻ አስተካክዪ፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሪው። ቅደም ተከተሉን መምህሩ ካልወሰኑ ደብዳቤ፣ የአቴንዳንሱ የመጨረሻ ቅጂ፣ ትረካው፣ ከዚያ ረቂቆቹ ከአሮጌ ወደ አዲስ። ረቂቆቹ ላይ ከላይ «ረቂቅ 1» እና ቀኑ ይጻፍ። አታሳምሪያቸው፣ ፊደል እንኳ አታርሚላቸው። በየወሩ የተጻፈ ድርሰት አንድ ላይ ሲመጣ የምንጭ አጠቃቀሙ ይደበላለቃል፤ አንዱ በኤምኤልኤ፣ ሌላው በኤፒኤ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በጽሑፉ ውስጥ የጸሐፊውን ስምና ገጽ ይጠቅሳል፣ ሁለተኛው ስምና ዓመት። የታዘዝሽውን አንዱን ያዢና ሁሉንም ወደ እሱ አምጪ። ረቂቆቹን ግን ለዚህም ቢሆን አትንኪያቸው። የፋይሉ ስም የራስሽ ስምና የኮርሱ ስም ይሁን፤ «የመጨረሻ_የመጨረሻ_እውነተኛው2» የሚል ፋይል ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ፣ ውስጡ ሁልጊዜ የተሳሳተው ቅጂ ነው።

የሚላከው በሊንክ ከሆነ ሊንኩን ከአካውንትሽ ወጥተሽ፣ ወይም በሌላ ሰው ስልክ ክፈቺው። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ከመጣ መምህሩም የሚያዩት እሱን ነው።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ያን ምክር የሰጠችሽ እሷም ረቂቅ ስለሌላት ይመስለኛል። ቨርዥን ሂስትሪው የት እንዳለ አሳያት። ምናልባት እሷም ማበላሸት ጀምራ ይሆናል።